ለመኪና የተላከ ሽማግሌ

በእኛ ጊዜ ሰው መኪና ሲገዛ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ስንት ሰው ትጭናለች? በቃ። ቀለሟ ምን ይሁን፣ ሞተሯ ምን ይበል፣ ማን ግድ ነበረው። እናንተ ዛሬ ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ስገባ ስትስቁ አይቻችኋለሁ፣ አንተ ደግሞ ስልክህን አውጥተህ ቪዲዮ ስታነሳኝ አይቻለሁ፣ አላየኝም ብለህ ነው። «ጋሼ ይልማ በሰባ አንድ ዓመታቸው ሁለት በር ያላት ሰማያዊ የጎረምሳ መኪና፣ መስል ካር፣ እየነዱ ቤተ ክርስቲያን መጡ» ልትል ነው። በል፣ ምን ቸገረኝ። ግን እንዴት እንደተገዛች ሳትሰማ አትሳቅ። ቁጭ በሉ። ሴቶቹ ዕቃ አጥበው እስኪጨርሱ ጊዜ አለን፣ አሰገደችም እዚያው ወጥ ቤት ናት፣ ውሃው ስለሚንሿሿ አትሰማንም።

የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ ኮሚሽን አልከፈሉኝም። የአሜሪካ ናት፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ስትነሣ ጎረቤት የምትቀሰቅስ። እሷን ለመግዛት ሦስት ሽማግሌ ለገዛ ሚስቴ ላክሁ። አዎ፣ ሽማግሌ። ምን ያስቃል? ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ዴንቨር ስመጣ ካፒቶል ሂል ነው የገባሁት፣ ኮልፋክስ ጎዳና ዳር፣ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አራት ወንዶች ሆነን። አራት ሰው፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ካፖርት። ካፖርቱ አንድ ነው ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት የሚሠራው ለብሶት ይሄዳል፣ ከሰዓት የሚሠራው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እዚያው በር ላይ ያወልቅለታል። እና የእኔ ሥራ ዳውንታውን መኪና ማቆም ነበር፤ ባለመኪናው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ እኔ ወስጄ ፓርክ አደርግለታለሁ። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ሰውዬ እንዲህ ያለች መኪና ይዞ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ያኔ ሽማግሌ መስሎኝ ነው እንጂ አሁን ሳስበው ከዛሬው ከእኔ ያንሳል። ቁልፉን ሰጠኝ። ገባሁ። ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ እግሬ ተዘርግቶ የቀረ፤ እኔ እኮ የማውቀው መኪና ውይይት ታክሲ ነው፣ ጉልበት አገጭ የሚነካበት። ሞተሩን ሳስነሣው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ድምፁ የመጣው ከፊቴ አይደለም፣ እዚህ ደረቴ ውስጥ ነው የተነሣው። ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ነዳሁት፣ በዝግታ፣ ሰው በእግሩ የሚቀድመኝ ያህል ቀስ ብዬ፣ እንዳያልቅብኝ።

ሰውዬው ሲመለስ ፊቴን አየና «ወደድካት?» አለኝ። «በጣም» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ዋን ዴይ» አለኝ። እሱ ረስቶታል፣ እኔ ግን የሰው ቃል ይዤ የምቀር ሰው ነኝ። ያንን «አንድ ቀን» ይዤ አርባ ዓመት ቆየሁ።

ታዲያ አርባ ዓመት ምን ነዳሁ? ታክሲ። ሠላሳ አንድ ዓመት ታክሲ፣ ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ ሆስፒታል። ቤት ስገባ ደግሞ ሚኒቫን። ሚኒቫኑ ሲያረጅ ሌላ ሚኒቫን። ለቅሶ ሲሆን ሰባት ሰው፣ ሰርግ ሲሆን ሰባት ሰው፣ ከኋላ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ድስት ሲንኳኳ። አላማርርም፣ ደስ ይል ነበር። በታክሲው ሥራ ደግሞ የማልታማበት አንድ ነገር አለኝ፤ በር እከፍታለሁ። ሌላው ሾፌር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይጠብቃል። እኔ ግን ዝናብ ይሁን በረዶ እወርዳለሁ፣ ዞሬ እሄዳለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ትልቅ ሴት ከሆነች እጄን እሰጣታለሁ፣ «ዋች ዩር ስቴፕ፣ ማም» እላለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሰገደች ደግሞ ሎውሪ አጠገብ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ማንሣት ነው። ሰው ከአልጋ ታነሣለች፣ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፣ ከወንበር ታነሣለች፣ ወደ አልጋ ትመልሳለች። ያንን ሁሉ አንሥታ በአውቶቡስ ወደ ቤት ትመጣለች፣ እኔ ታክሲ እየነዳሁ። ይህችንም ያዙልኝ።

እና ጡረታ ወጣሁ። ሞራ ዓይኔን ጀምሮታል፣ ሐኪሙ «ገና ነው፣ እንከታተላለን» አለኝ። ከሐኪሙ ስወጣ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ከእንግዲህ ስንት መኪና ልነዳ ነው? አንድ። የቀረኝ አንድ መኪና ነው። ይኼ የመጨረሻው መኪናዬ ደግሞ ሚኒቫን ሊሆን ነው? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ልቆጭ ነው አልኩ። ገንዘቡ አልነበረም ችግሩ፣ ለዚህ ተብሎ የተቀመጠች ነበረችኝ። ችግሩ ወይዘሮ አሰገደች ናት።

«አሰጉ» አልኳት፣ «መኪና ልገዛ ነው።»

«ጥሩ፣ ሚኒቫኑ አርጅቷል» አለች።

«ሚኒቫን አይደለም» አልኩና ስልኬ ላይ ሥዕሏን አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች፣ አየች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ስንት በር ነው ያላት?»

«ሁለት።»

«ሁለት? የልጅ ልጆችህን በመስኮት ልታስገባ ነው?»

«ከኋላ እኮ ወንበር አላት።»

«ይኼ ወንበር ነው? ይኼ እኮ መደርደሪያ ነው። በረዶ ሲጥልስ ምን ልትሆን ነው?»

«ቤት እውላለሁ።»

«ቤት ለመዋል ነው መኪና የምትገዛው?» አለችና ሄደች። እየሄደች ደግሞ «ካረጁ አይበጁ» ስትል ሰማሁ። ታዲያ አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆነን ቆየን። እኔ ሥዕል አሳያለሁ፣ እሷ መነጽር ታወልቃለች።

ጓደኛዬን ተስፋልደትን ታውቁታላችሁ፣ የአስመራ ልጅ ነው፣ አማርኛ በትምህርት ቤት የተማረ፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ አንድም ቃል አይሳሳትም። ለእሱ ነገርኩት። «እሺ ያላለች እንደሆነ ምን ይደረጋል?» አልኩት። አሰበ አሰበና «በእናንተም በእኛም አገር አንድ ነው፣ ሽማግሌ ይላካል» አለኝ። እኔ የሚቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሱ ግን አልሣቀም። ወልዴን ጠራ፣ ወልዴ የኤርፖርት ሻትል የሚነዳው ነው። ሦስት መሙላት ስላለበት ጌታሁንንም ጨመረ። ጌታሁን አይናገርም፣ ጌታሁን ለቁጥር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ፣ ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አድርገው፣ ተስፋልደት ከዘራ ሳይቀር ይዞ፣ በከዘራ አይሄድ ነገር። እኔን «ሙሽራ ሽማግሌ ፊት አይቀመጥም» ብለው ቀድመው በስልክ አዘውኝ በገዛ ቤቴ መኝታ ቤት ተደብቄያለሁ። በበሩ ክፍተት አያለሁ፣ አዳምጣለሁ። አሰገደች በሩን ከፈተች፣ ሦስቱ ተደርድረው ቆመዋል።

«ምነው በደህና? ማን ሞተ?» አለች።

«ደህና ነን፣ ወይዘሮ አሰገደች፣ እንዴት አደሩ?» አለ ተስፋልደት። ሌላ ቀን «አሰጉ፣ አንቺ» የሚላት ሰውዬ ያን ቀን «እርስዎ» አላት። በዚያን ጊዜ ገባት። አሰገደች ብልህ ናት፣ ወዲያው ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«ግቡ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፣ ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም።»

«ጉዳያችሁን ንገሩኝ።»

ተስፋልደት ጉሮሮውን ጠረገ። «አቶ ይልማ አንዲት ወድደዋል። እሷን እንዲፈቅዱላቸው ልንለምን ነው።»

አሰገደች ምን አለች መሰላችሁ? «ባሌ ሌላ እንዲያገባ ነው እኔ ዘንድ ሽማግሌ ሆናችሁ የመጣችሁት?» አለች። ከተስፋልደት እጅ ከዘራው ወደቀ። «በስመ አብ! ኧረ መኪና ናት!» አለ ወልዴ። «እሱን ዐውቃለሁ» አለች አሰገደች፣ «ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፣ ሴት ከጋራዥ አታስወጣኝም። ጋራዡ ውስጥ ያለው የእኔ ፍሪዘር ነው፣ የእኔ በርበሬ ነው። የዚህ አገር የበረዶ ድንጋይ ሲወርድ እሷ የት ልታድር ነው?» ይኼን አላሰብንበትም ነበር። ተስፋልደት ግን አዋቂ ነው፣ «በርበሬው እኔ ቤት ይደር» አለ። ጌታሁን ራሱን ነቀነቀ፣ እስማማለሁ ለማለት።

«እሺ፣ ዘሯስ ከወዴት ነው?» አለች።

«ከዲትሮይት።»

«ሰባት ቤት ቆጥራችኋል?»

ወልዴ ስልኩን አወጣ፣ ሰርች አደረገ። «ሰባት ባይሞላም፣ አያቷም ቅድመ አያቷም እዚህ ተጽፈዋል፣ ሁሉም ሁለት በር ናቸው» አለ።

«ጠባይዋስ?»

«ትንሽ ትጮኻለች።»

«ትጠጣለች?»

«ትጠጣለች» አለ ወልዴ፣ ዋሽቶ አያውቅም፣ «ግን የምትጠጣው ፕሪሚየሙን ብቻ ነው።»

ልጆች፣ እኔ መኝታ ቤት ውስጥ ትራስ ነክሼ ነው የምስቀው። አሰገደችም እንደምትስቅ ዐውቃለሁ፣ ድምፅዋ ላይ አለ፣ ግን ደንቡን አልለቀቀችም። «ወገን ላማክር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለች። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ወጡ። እሷ ደግሞ ወደ መኝታ ቤቱ ዞራ «ሙሽራውም እዚያ ከተቀመጠ አይቀር አልጋውን ያንጥፍ» አለች። አነጠፍኩ።

በሁለት ሳምንቱ መልሷን ሰጠች፤ «ሳላያት አልድርም።» ታዲያ ተያይዘን ሄድን፣ ሃቫና የሚባለው መንገድ ላይ፣ መኪና ሻጮች የተደረደሩበት። ልጃችን ሠናይትም ከሴንቴኒያል መጣች፣ ነርስ ናት፣ «አባዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» ትለኛለች በየደቂቃው። ሻጯ ቡትስ ያደረገች ረጅም ሴት ናት፣ ጨዋ። ሰማያዊዋን አወጣችልን። እኔ ምን አደረግኩ? ሮጬ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ለአሰገደች በሩን የከፈተችላት ሻጯ ናት። ይህችን ሦስተኛ ያዙልኝ።

አሰገደች ገባች፤ ወንበሩ ዋጣት። «ወይ ጉድ፣ መሬት ላይ ነው እንዴ የተቀመጥኩት?» ብላ ሣቀች። ሞተሩን አስነሣሁት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነችና «ይልማ» አለችኝ፣ «እዚህ ውስጥ እኮ ነው የሚሰማው።» እኔ ለእሷ ያንን የፓርኪንግ ቀን ነግሬያት አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች፣ በቃ ገባት፣ ተፈቀደልኝ አልኩ።

ከዚያ ወረድኩ። አሰገደች አልወረደችም። «ትንሽ ልቀመጥ፣ ተመችቶኛል» አለች። ቆምን። ሻጯ ስለ ጎማው ታወራለች። አሰገደች አንድ እግሯን አወጣች፣ ሁለተኛውን አወጣች፣ የበሩን ጫፍ ያዘች፣ ብድግ ልትል ስትል ተመልሳ ቁጭ አለች። ሣቀች። ደግማ ብድግ ልትል ስትል ተመልሳ ቁጭ አለች። ሁለተኛውን ጊዜ አልሣቀችም። ሠናይት ሮጣ ሄደች፣ ብብቷ ሥር ገባችና አነሣቻት፣ «ማሚ፣ ጉልበትሽ ነው? ሃው ሎንግ? ስንት ጊዜው ነው?» ስትላት አሰገደች በሹክሹክታ «ዝም በይ፣ አባትሽ ይሰማል» አለቻት።

ሰማሁ። እኔ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።

አፈርኩ ልጆች። በእውነት አፈርኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሰውዬ ጉልበቷ እንደከዳት አላወቅሁም። እዚያው ቆሜ አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አንድ በርጩማ ተቀምጦ ነበር፣ ለልጅ ልጆቹ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ለእሷ ኖሯል። በዐቢይ ጾም ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ ግድግዳ ይዛ ቆማ ነበር፣ ደክሟት ነው ብዬ ነበር። የሚታጠበውን ልብስ ከደረጃው አናት ላይ ወደ ታች ትወረውረው ነበር፣ ምን ዓይነት ስንፍና ነው ብዬ ቀልጄባታለሁ። ቀልጄባታለሁ፣ ይታያችኋል? እሷ የምታስበው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጉልበቴን ካወቀ መኪናዋን ይተዋል ብላ ነው ያን ቀን የደበቀችኝ።

ሻጯን «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። ወደ ሚኒቫኑ ሄድን። አሰገደች እጀታውን ይዛ ወጣች፣ እንዴት እንደምትወጣ ያን ቀን ገና አየሁ። መንገድ ላይ «ለምን ተውካት?» አለችኝ። «ዝቅ ትላለች፣ ለወገቤ አትሆንም» አልኳት። እሷ ስለ ጉልበቷ ዋሸች፣ እኔ ስለ ወገቤ ዋሸሁ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባል የለ፤ እኛ ከውሸቱ ባሕር ተቀድተናል። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪና አላነሣሁም። ስልኬ ላይ የነበረውን ሥዕል አጠፋሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያጠፋሁት ብላችሁ ውሸት ይሆናል፣ ከፍቶኝ ነበር። ግን የከፋኝ ስለ መኪናዋ ይሁን ስለ ጉልበቷ እኔም አልለይም ነበር።

ሳምንት ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። እኔ ፒጃማ ላይ ነኝ። ስከፍት ሦስቱ ተደርድረው ቆመዋል፣ ክራቫት፣ ከዘራ፣ ሁሉም እንደዚያው።

«ምነው? ማን ሞተ?» አልኩ እኔም።

«አቶ ይልማ፣ እንዴት አደሩ?» አለ ተስፋልደት።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው።»

«ከማን ተልካችሁ?»

«ከወይዘሮ አሰገደች። አቶ ይልማ ያቺን መኪና እንዲገዙ ይለምናሉ።»

ምን ልበል? ግን ደንብ ደንብ ነው፣ በፒጃማዬ ኮስተር አልኩና «ወገን ላማክር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አልኩ።

ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ። «የምን ወገን ነው? ወገንህ እኔ ነኝ። እሺ በላቸው።»

ያኔ ጌታሁን፣ ተናግሮ የማያውቀው ጌታሁን፣ «ኧረ እሺ በልና እንቀመጥ፣ እግራችን ዛለ» አለ።

አሰገደች እጇን እያበሰች ወጣች። «ጉልበትሽስ?» አልኳት፣ በሽማግሌ ፊት። ከእንግዲህ ምን መደባበቅ አለ። «ገብተሽ መውጣት አትችይም። አንቺ የማትወርጂበትን መኪና ምን ላደርገው ነው የምገዛው? አንቺን ቤት ጥዬ ብቻዬን ልዞርበት ነው?»

«ስማ ይልማ» አለችኝ። «አንድ ቀን ከሥራ ስመጣ፣ ዝናብ ነበር፣ ከአውቶቡስ ላይ ሆኜ መስኮቱን ጠርጌ ስመለከት ታክሲህን አየሁት። ኮልፋክስ ላይ ነው፣ ቀይ መብራት ይዞናል። ወርደህ፣ ዞረህ፣ ላንዲት አሮጊት በር ከፍተህ፣ ጃንጥላ ይዘህላት፣ እጅህን ሰጥተሃት ነበር። አሮጊቷ እንደ ንግሥት ወረደች። እኔ እግሬ አብጦ ነበር፣ ጫማዬን አውልቄ ነው አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጥኩት። ቀናሁ። በአሮጊት ቀናሁ። ነግሬህ አላውቅም።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት» አለች፣ «ለኔ በር ከፍተህልኝ አታውቅም።»

«አንቺ መቼ ትጠብቂኛለሽ?» አልኳት፣ «ሞተሩ ሳይጠፋ ወርደሽ ቤት ትገቢያለሽ!»

«ልጅ የሚያለቅስ፣ ድስት የሚያር፣ ለሥራ የሚረፍድ ሁልጊዜ ነበረና ነዋ። አሁን የሚያር ነገር የለም። እዚያች መኪና ውስጥ ደግሞ ከገባሁ ልውረድ ብልም አልችልም፣ መጠበቅ ግዴታዬ ነው። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«እመጣለሁ» አልኳት። እንግዲህ ካለቀስኩም አለቀስኩ። ተስፋልደትም አልቅሷል፣ ጠይቁት፣ ጉንፋን ነው ይላችኋል። «ግን አንድ ነገር አለኝ» አልኩ፣ «ጉልበትሽን ሐኪም ያየዋል፣ አለዚያ አልገዛም።» ሽማግሌዎቹ ያንንም ያዙ፣ እሺ አሰኟት፣ ያኔ ተቀመጡ፣ ቁርስ ቀረበ።

መኪናዋ መጣች። የመጀመሪያው ቀን ቤታችን ደጃፍ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወረድኩ፣ ዞርኩ፣ ከፈትኩ፣ ሁለት እጇን ይዤ መጎተት። «ኧረ ልትነቅለኝ ነው!» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያነሣሁ ሴት ነኝ፣ እንደዚያ አይነሣም። እግርህን ከፈት አድርግ። ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን አታጉብጥ። ከብብቴ ሥር ያዘኝ። አሁን ቁጠር።»

«ልቁጠር?»

«ድንገት የተነሣ ሰው ይደነግጣል፣ ይቆጠርለታል። እኔ ለሁሉም ስቆጥር ኖሬያለሁ፣ ለኔ የቆጠረልኝ የለም።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ። ተነሣች። እዚያው አውሮራ ሰፈራችን ውስጥ፣ የጎረቤት ውሻ እየጮኸብን፣ በሩ ተከፍቶ፣ እኔ ብብቷን ይዤ፣ እሷ ትከሻዬን ይዛ ቆምን። «ቲፕ የለኝም» አለችኝ።

ከዚያ በጸደይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እግዚአብሔር ይመስገን በደንብ ሆነ፣ ልምምዱንም ሳትቀር ሠራች። እነሆ ዘንድሮ ሰግዳለች፣ አይታችኋታል፣ ከእኔ ይልቅ የምትሰግደው እሷ ናት። ከደረጃ ትወርዳለች፣ ትወጣለች፣ በርጩማውን ሠናይት ወስዳዋለች። እና፣ ጠጋ በሉ፣ ይህችን ጮክ ብዬ አልናገራትም። ባለፈው ሳምንት ስልኳን መኪናው ውስጥ ረስታ ጋራዥ ገባች። እኔ ከወጥ ቤት በር ኋላ ነኝ፣ አላየችኝም። መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ከታች ፈለገች፣ አገኘች፣ ከዚያ ብድግ ብላ ወጣች። ማንም ሳይቆጥርላት። ምንም ሳትይዝ፣ እንደ ጎረምሳ። እኔ ድምፄን አጥፍቼ ተመለስኩና ጋዜጣ ያዝኩ።

በማግሥቱ እሑድ እዚህ መጣን። ሞተሩን አጠፋሁ። አሰገደች ቀበቶዋን ፈታች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ። ወደ ፊት ታያለች። እኔም ወረድኩ፣ ዞርኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ቆጠርኩ። ዛሬም ቪዲዮ ያነሣኸው እሱን ነው። መኪናዋን ሳይሆን እሱን አሳይ። ሰው ይጠይቀኛል፣ ይህን ያህል ዝቅ ያለች መኪና በዚህ ዕድሜ ለምን ገዛህ ይለኛል። እኔም አየህ፣ ዝቅ ስለምትል ነው እለዋለሁ፣ አይገባውም።

ዝም በሉ፣ ውሃው ቆመ፣ መጣች። አሰጉ፣ እነዚህ ልጆች ጉልበትሽ እንዴት ነው እያሉ ይጠይቁሻል።

ወይዘሮ አሰገደች እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ ባላቸውን አዩ፣ እኛን አዩ።

«እግዚአብሔር ይስጣችሁ ልጆቼ፣ በጣም ደህና ነው» አሉ። «መኪናው ላይ ብቻ ነው እምቢ የሚለኝ።»